ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አልጋው ሂዱ

ነርስ መሆኔንና የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶችን በመፈተሽ ሥራ ላይ መቆየቴን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አይለቀኝም። «እናታችንን ልናስገባ ነው፤ ቤቱ ጥሩ መሆኑን በምን እንወቅ?» ይሉኛል። በስልክ ቆራርጬ ከምመልስ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የማወራው ነርስ ሌት ተቀን ስላለበት ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ከአልጋ ለመነሳት፣ ለመብላት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ስሞታ ማሰማት አይችሉም። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አሉ፣ ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸው አሉ፣ አፋቸው ደህና ሆኖ ደግሞ «የምታጥበኝን ልጅ ከስሼ ነገ በምን ዓይኗ ታየኛለች» ብለው ዝም የሚሉ አሉ፤ እኔን በጣም የሚያሳዝኑኝ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ የሚፈትሸው ሰው ያልተነገረውን ጭምር ፈልጎ ማግኘት አለበት።

መግቢያው ላይ ብዙ አትቁሙ። ሶፋው፣ አበባው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ስለ እንክብካቤው የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። ሽታ ግን ይናገራል። ጠዋት አንድ ክፍል አካባቢ የሽንት ሽታ ቢኖር የሚያስደነግጥ አይደለም፣ አሁን አንድ ሰው ረጥቦ ይሆናል፤ ከሰዓትም ስትመጡ በዚያው ቦታ ያው ሽታ ካለ፣ ወይም ሽቶው አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ከተረጨ፣ ጠይቁ።

የፍተሻው ዋና ዘዴ ቀላል ነው። ከነዋሪዎቹ መካከል በጣም ደካማውን ሰው ምረጡ። በእግሩ የሚሄደውንና ከእንግዳ ጋር የሚጫወተውን ተዉት፣ ማናጀሩ የሚያስተዋውቃችሁ እሱን ነው። አልጋ ላይ የዋለውን፣ የማይናገረውን፣ ጠያቂ የማይመጣለትን ፈልጉ። ከዚያ ስለዚያ ሰው የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አልጋው ሂዱ፣ እያንዳንዱን መስመር ከሰውየው ጋር አስተያዩ። ቤተሰብ ከሆናችሁ የሌላ ሰው ፋይል ማየት አትችሉም፣ የራሳችሁን ሰው ፋይል ግን በእሱ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሆናችሁ መጠየቅ በብዙ አገር መብታችሁ ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንዲት እናት የእንክብካቤ እቅድ እንከን አይወጣለትም ነበር። ለአልጋ ቁስል የተጋለጡ መሆናቸው ተጽፏል፣ የአየር ፍራሽ ታዞላቸዋል፣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ ተብሏል፣ ቅጹ በፊርማ ሞልቷል። ክፍላቸው ገባሁና ከአልጋው ግርጌ ተንበረከክሁ። የፍራሹ ፓምፕ የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። ፓምፑ ላይ የነዋሪው ክብደት የሚስተካከልበት ማዞሪያ አለ፤ ፍራሹ ምን ያህል እንደሚነፋ የሚወስነው እሱ ነው። እኚህ እናት 43 ኪሎ ነበሩ። ማዞሪያው 120 ላይ ቆሟል። ፍራሹ እንደ ጣውላ ደርቋል። ቅጹ ላይ ግን በየቀኑ «የአየር ፍራሽ አለ» በሚለው ፊት ምልክት ይደረጋል፣ እውነት ነው፣ ፍራሹ አለ፣ ማዞሪያውን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ነው የጠፋው።

አስፈቅጃቸው ካልሲያቸውን አወለቅኩ። ተረከዛቸው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ ከዙሪያው ጠቆር ብሎ፣ ስነካው ሞቅና ጠጠር ብሎ አገኘሁት፣ ሲነካም ፊታቸውን አጨማደዱ። ቁስሉ ገና አልተከፈተም ነበር። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ አልተከራከረችም። ማዞሪያውን እዚያው አስተካከለች፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ እግራቸው ሥር ትራስ አስገባች፣ ነርሷን ጠርታ አስመዘገበች፣ ከዚያ የቤቱን ፓምፕ ሁሉ በየክፍሉ እየዞረች ራሷ አየች። ሌሎችም የተሳሳቱ ተገኙ። እኔ ለዚያ ቤት ያለኝ ግምት በዚያ ቀን ከፍ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ጥፋት የማይገኝበት ቤት የለም፤ «ይሄ የዚህ አልጋ ችግር ብቻ ነው» ብሎ የሚያልፍ ቤት ነው የሚያስፈራው።

የአልጋ ቁስልን እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። አጥንት ከውስጥ፣ ፍራሽ ከውጭ ቆዳውን ሲጨምቁት ደም ይቋረጣል፣ ቆዳውና ሥጋው ይሞታል። በብዛት የሚወጣው ከወገብ በታች ጅራት አጥንቱ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ተረከዝ ላይ ነው። በአራት ደረጃ ይመደባል። አንደኛው ቆዳው ሳይከፈት ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይነጣው ነው፤ አራተኛው ጡንቻና አጥንት እስኪታይ የተቦረቦረው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ይህ «ይቀላል» የሚለው ነገር በነጭ ቆዳ ላይ ነው የሚሠራው። ጠየም ያለና ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ጥቁር ቆዳ ያለው ነዋሪ ቁስሉ የሚታወቅለት ብዙ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ነው፣ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ምክንያቱም በእጅ ሊታወቅ ይችል ነበር። ሙቀቱን፣ ጥንካሬውን፣ ሕመሙን በእጅ ዳስሱ፤ ቀለሙን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አስተያዩ። የምትፈትሹት ቤት ውስጥ ተንከባካቢዋን «ጥቁር ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል መጀመሩን በምን ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ስለ ሥልጠናቸው ብዙ ይነግራችኋል።

የመገላበጫውን ቅጽም በደንብ እዩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6፣ 8፣ 10፣ አንድም ደቂቃ ሳይዛነፍ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ነዋሪ ተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ ያ ቅጽ ጠዋት ላይ ተቀምጦ የተሞላ ነው። ሁለት ሠራተኞች ሃያ ሰው በአንድ ደቂቃ ሊያገላብጡ አይችሉም። እውነተኛ መዝገብ ይዛነፋል፦ 6፡20፣ 8፡35፣ «እምቢ አሉ፣ ቆይቼ ተመለስኩ» የሚል አለበት። እንዲህ ያለውን ሳይ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ምግብና ውኃ። በምግብ ሰዓት ሂዱና አንድ ጥግ ተቀመጡ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። የሚያጎርሰው ሰው ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ? ነዋሪው ውጦ እስኪጨርስ ይጠብቃል ወይስ ማንኪያው ከንፈር ላይ ነው የሚያድረው? ቆሞ የሚያጎርስ ሠራተኛ የሚቸኩል ሠራተኛ ነው፣ የሚቸኩለው ደግሞ ሌሎች አምስት ሰዎች ስለሚጠብቁት ነው፤ ልጁን ከመውቀስ በፊት የሰው ቁጥሩን ጠይቁ። መዋጥ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ውኃቸው ለዚሁ በተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት መወፈር አለበት፣ ምግባቸው መፈጨት አለበት፣ ሲበሉ ቀጥ ብለው መቀመጥ አለባቸው። ትንታ ለእነሱ ቀልድ አይደለም፣ ምግቡ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ማን ምን ዓይነት ውኃ እንደሚጠጣ ተንከባካቢው ወረቀት ሳያይ ሊነግራችሁ ይገባል።

ወደ ክፍሉ ስትገቡ ብርጭቆውን ፈልጉ። ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛው ከአልጋው እጅ የማይደርስበት ርቆ፣ የመጠጫ ቅጹ ላይ «200 ሚሊ ሊትር ጠጡ» ተብሎ አይቻለሁ። ከዚያ የጥሪ ደወሉን ፈልጉ። ገመዱ መሬት ወድቆ ወይም አልጋው ጀርባ ተጠምጥሞ ከሆነ ያ ሰው ደወል የለውም ማለት ነው። ሰውየውን አስፈቅዱና ደወሉን ራሳችሁ ተጫኑት፣ ሰዓት ያዙ። ሌላም ነገር እዩ፦ የመጣው ሠራተኛ ደወሉን አጥፍቶ «መጣሁ» ብሎ ሄደ ወይስ የተፈለገውን አደረገ?

ክብደት ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር ነው። አንድ ነዋሪ በአንድ ወር ከክብደቱ 5 በመቶ፣ በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሰ በሙያው ከባድ ምልክት ተብሎ ይያዛል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በወር 57 ከሆነ ማለት ነው። 3 ኪሎ ምንም አይመስልም፣ ልብሱ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ። ቤቱ ማወቅ ያለበት ግን ልብሱ ከመስፋቱ በፊት ነው፤ ሐኪም ጠርቶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ መድኃኒቱን አስከልሶ፣ ምግቡን ቀይሮ ምን እንዳደረገ መዝገቡ ላይ መታየት አለበት። ክብደቱ በየወሩ ተጽፎ ቁጥሩ እየወረደ ማንም ያላየው ፋይል ካገኛችሁ፣ ያ ቤት የሚመዝነው ለወግ ነው።

መድኃኒት ላይ ረጅም ልጽፍ እችል ነበር፣ ዋና ዋናውን ብቻ ልበል። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን፣ የተከፈተ ኢንሱሊን ላይ የተከፈተበት ቀን መጻፉን፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ለብቻ ተቆልፈው በሁለት ሰው ፊርማ መቆጠራቸውን እዩ፣ እናንተም ቆጥሩ። ሰዓት ላይ ደግሞ ጠንከር በሉ። ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ላለበት ሰው ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒቱ አንድ ሰዓት ቢዘገይበት ሰውነቱ ይገተራል፣ መንቀሳቀስም መዋጥም ያቅተዋል፤ «የመድኃኒት ዙር ገና ነው» የሚባል መልስ ለእሱ አይሠራም። ክኒን የሚፈጨውንም ጠይቁ፣ ቀስ እያሉ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ክኒኖች ከተፈጩ የቀኑ መጠን ባንዴ ነው ወደ ሰውነት የሚገባው።

ሳሎኑ ውስጥ ከሰዓት ላይ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቶ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ የሚያፈዝዝ መድኃኒት ስንቱ እንደሚወስድ ጠይቁ። ሳይኮሲስ ለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የተሠሩ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል። አንዳንዴ ያስፈልጋሉ፣ አልክድም። ግን ሰውየው የሚጮኸው አሞት ወይም ሽንቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ሳያጣሩ ማስተኛት ሰውን በኬሚካል ማሰር ነው። የአልጋ መከለያ ብረትም እንደዚሁ። ሰዎች ለደህንነት ነው ብለው ያስባሉ፤ የተደናገረ ሰው ግን ይዘለዋል፣ ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል፣ ወይም በብረቱና በፍራሹ መካከል አንገቱ ይጣበቃል። ለምን እንደተደረገ፣ ማን እንደተስማማ፣ ሌላ ምን እንደተሞከረ የተጻፈ ነገር መኖር አለበት።

መታጠቢያ ቤት ስትገቡ የውኃ ሙቀት መዝገብ ጠይቁ። እዚህ ሁለት አደጋ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባል፣ ስለዚህ ሙቅ ውኃው ማጠራቀሚያው ውስጥ 60 ዲግሪ መሆን አለበት። በዚያ ሙቀት ግን የአረጋዊ ቀጭን ቆዳ በሰከንዶች ይቃጠላል፤ ሙሉ ገላ የሚነከርበት ውኃ ከ44 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። መፍትሔው ቧንቧው ጫፍ ላይ ቀዝቃዛውን የሚደባልቅ ቫልቭ ማድረግ ነው። ቫልቩ ይበላሻል፣ ስለዚህ ከማጠብ በፊት በቴርሞሜትር መለካት ግድ ነው። በክርን መለካት አይበቃም።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ቤት የሚታየው ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ቀን ላይ ማናጀር አለ፣ ፊዚዮቴራፒስት አለ፣ ጠያቂ አለ። ሌሊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከሙሉ ቤት ጋር ይቀራሉ። እንግዲህ የእሳት ደወል ጮኸ እንበል። መራመድ የማይችሉትን ማን ያወጣቸዋል? በ2004 እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ ላይ ስኮትላንድ ውስጥ ሮዝፓርክ በሚባል መንከባከቢያ ቤት ሊነጋ ሲል እሳት ተነስቶ 14 ነዋሪዎች ሞቱ፤ ጭሱ በተከፈቱ የመኝታ ቤት በሮች ነው የገባባቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ኩቤክ፣ ሊል-ቬርት በምትባል ከተማ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በተነሳ እሳት 32 ሰዎች አለቁ። ስለዚህ የእሳት በር፣ ማለትም እሳትና ጭስ እንዲያግድ የተሠራ በር፣ በወንበር ወይም በሽብልቅ ተከፍቶ ሳይ አላልፈውም። «ለአየር ነው፣ ለአፍታ ነው» ይሉኛል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የመጨረሻው የእሳት ልምምድ በሌሊት ሠራተኛ ቁጥር ተደርጎ ያውቃል? አብዛኛው ቤት ልምምዱን የሚያደርገው ቀን፣ ሰው ሲሞላ ነው። የሌሊቷን ሠራተኛ ለብቻዋ «አሁን 12 ቁጥር ክፍል ጭስ ቢነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ፣ የት ትወስጃቸዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ወደ ውጭ ሳይሆን መጀመሪያ ከእሳት በሩ ማዶ ወዳለው ክፍል በአግድም ማሻገር እንደሆነ ካወቀች እፎይ በሉ።

ሠራተኞቹን ማናጀሩ በሌለበት አናግሩ። የጽዳት ሠራተኛዋን አትርሱ፣ ብዙ ታያለች። በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ቀረ፣ የጎደለውን ማን ሸፈነው፣ ከሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ የመጣው ሰው ፈረቃውን ሲረከብ ስለ ነዋሪዎቹ ተነግሮት ነበር? የሰውነት ማንሻ ማሽኑን ሁለት ሰው ነው የሚሠራበት ወይስ ሰው ሲጠፋ ብቻዋን ታነሳለች? ይህን ጥያቄ ጠይቄ ዓይኗ እንባ ያቀረረባት ልጅ አጋጥማኛለች። ተንከባካቢ ሆናችሁ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። የነዋሪውና የሠራተኛው ደህንነት አንድ ነው፤ ድካም ላይ ያለ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ይፈርማል።

የተቆጣጣሪው አካል ሪፖርት ካለ አንብቡ። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ ተቆጣጣሪው አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ቤቱ ደህና ነው ወይ፣ እንክብካቤው ውጤት አለው ወይ፣ ሠራተኛው ይራራል ወይ፣ ለየሰዉ ፍላጎት መልስ ይሰጣል ወይ፣ አመራሩ ጥሩ ነው ወይ። አሜሪካ ውስጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ በመንግሥት የጤና ፕሮግራም የሚከፈላቸው ቤቶች ቢበዛ በ15 ወር አንዴ ሳይነገራቸው ይፈተሻሉ። ጥሩ ነው፣ ግን 15 ወር ረጅም ጊዜ ነው፣ ማናጀር ይቀየራል፣ ጥሩ ነርሶች ይለቃሉ። እኔ ውጤቱን ብቻ አላይም። ሁለት ተከታታይ ሪፖርት አውጥቼ ጎን ለጎን አነባለሁ። አዲስ ጥፋት ብዙም አያስጨንቀኝም። ባለፈው የተጻፈው ጥፋት፣ «ተስተካክሏል» የተባለው፣ በዚህኛውም ካለ ግን ያ ቤት የሚማር ቤት አይደለም።

አንድ ነገር ካያችሁ ዳር ዳር አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን በተጨባጭ ጻፉ፤ «ግድ የላቸውም» ሳይሆን «ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ደወሉ መሬት ወድቆ ነበር» በሉ። ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ስጡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ሰውነት ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ መበለዝ ወይም የተከፈተ ቁስል ካያችሁ፣ ሰው ሲመታ ወይም ሲሰደብ ከሰማችሁ መልስ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ለተቆጣጣሪው ወይም ለፖሊስ ደውሉ። «እናቴን ይጎዱብኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ግን በዝምታ የተጠበቀ ነዋሪ አላየሁም፣ ሠራተኛው ይበልጥ የሚጠነቀቀው ቤተሰቡ እንደሚያይ ለሚያውቀው ነዋሪ ነው።

ከገቡም በኋላ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አትሂዱ። አንድ ቀን በቁርስ፣ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል፣ አንድ ቀን እሑድ ሂዱ። ተረከዛቸውን እዩ፣ ብርጭቆውንና ደወሉን እዩ። በየወሩ ክብደታቸውን ጠይቁና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ከቀነሰ ለነርሷ አሳይታችሁ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ በዚያው ቀን ጠይቁ።